የናይትሮክስ ኮምፒውተር ሲገዛ የመልሱ ጉዞም ይታሰብ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በቅርቡ በጉዞ ዓምዳችሁ ከድሬዳዋ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ በባሕር ስለ መዝናናት ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። በከተማችን ስለ ባሕር የሚጽፍ ሰው መገኘቱ ራሱ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ጸሐፊው በስኩባ መሣሪያ፣ ማለትም ከሚታዘል ሲሊንደር እየተነፈሱ፣ ለሚጠልቁ ሰዎች በመጨረሻ የለገሱት ምክር፣ ይኸውም ናይትሮክስ የሚባለውን የመተንፈሻ ጋዝ የሚቀበል የጥልቂያ ኮምፒውተር (ጥልቀትንና ጊዜን እየለካ ያለ ጉዳት መቆየት የሚቻለውን ደቂቃ የሚያሰላ መሣሪያ) በእጁ ያሰረ ሰው ከሌላው ይበልጥ ጠልቆ መውረድ እንደሚችልና ዋጋው በጨመረ ቁጥር ኮምፒውተሩም እንደሚሻል የሚገልጸው ሐሳብ፣ በሁለቱም በኩል ስህተት ነው። ከዚህም በላይ እንደ እኛ ከባሕር ወለል ከፍ ብሎ ለሚኖር ሰው ከሁሉ በፊት ሊነገረው የሚገባውን ነገር ሳያነሳ አልፏል።

ናይትሮክስ የሚባለው በተራ አየር ውስጥ 21 በመቶ ገደማ የሆነው የኦክስጅን መጠን ከፍ እንዲል የተደረገበት ድብልቅ ሲሆን፣ ለመዝናኛ ጠላቂዎች ብዙ ጊዜ የሚሞላው 32 ወይም 36 በመቶ ኦክስጅን ያለው ነው። ኦክስጅኑ በበዛ መጠን ናይትሮጅኑ ስለሚያንስ፣ ወደ ሰውነት የሚሰርገውና በችኮላ ሲወጡ አረፋ እየሠራ መገጣጠሚያንና ነርቭን የሚጎዳው ጋዝ ይቀንሳል። ፓዲ የተባለው የጠላቂዎች አሠልጣኝ ድርጅት ባወጣው የመዝናኛ ሠንጠረዥ መሠረት አየር እየተነፈሱ 30 ሜትር ላይ መቆየት የሚቻለው 20 ደቂቃ ነው፤ በ32 በመቶ ድብልቅ ግን በዚያው ጥልቀት የሚገባው ናይትሮጅን አየር እየተነፈሱ 25 ሜትር ላይ ከሚገባው ስለማይበልጥ፣ ጊዜው ወደ 29 ደቂቃ ከፍ ይላል። ትርፉ እነዚህ ደቂቃዎች ብቻ ናቸው። በጥልቀት በኩል ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ኦክስጅን ራሱ በከፍተኛ ግፊት መርዝ ስለሚሆን፣ የሚተነፍሱት ኦክስጅን ከፊል ግፊት፣ ማለትም ከድብልቁ ጠቅላላ ግፊት የኦክስጅኑ ድርሻ፣ ከ1.4 ባር (1 ባር በባሕር ወለል ያለው የአየር ግፊት ያህል ነው) እንዳያልፍ ይመከራል። በዚህ ስሌት 32 በመቶ የያዘ ሰው ከ33 ሜትር፣ 36 በመቶ የያዘ ደግሞ ከ28 ሜትር በታች መውረድ የለበትም፤ ተራ አየር የያዘው ባልንጀራው ግን ሥልጠናው ካለው እስከ 40 ሜትር ይፈቀድለታል። ወሰኑን ያለፈ ሰው አንዳች ምልክት ሳይሰማው በድንገት ሊንዘፈዘፍና የሚተነፍስበትን መሣሪያ ከአፉ ሊጥል ይችላል፤ ውኃ ውስጥ ደግሞ ይህ መስጠም ማለት ነው።

ወደ ግዢው ልምጣ። ዛሬ ናይትሮክስ ይቀበላል ተብሎ የሚሸጥ ኮምፒውተር በዚህ ብቻ ከሌላው አይለይም፤ ከርካሾቹ መካከል የሚቆጠሩት ክሬሲ ሊዮናርዶና ማሬስ ፑክ ፕሮ ሳይቀሩ የኦክስጅኑን በመቶኛ ይቀበላሉ፤ ሊዮናርዶ ባለ አንድ ቁልፍ ሆኖ ሳለ እስከ 50 በመቶ ይሞላበታል። ስለዚህ ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው በመቶኛው እንዴት እንደሚሞላ፣ ከተሞላ በኋላ የት እንደሚታይና ከጥልቂያው በኋላ ምን እንደሚሆን ነው። በጀልባ ላይ ያለውን ሥርዓት ያየ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል። ጠላቂው የሲሊንደሩን ቫልቭ በትንሹ ከፍቶ የኦክስጅን መለኪያውን ያስጠጋል፤ ቁጥሩ 30.9፣ 31.4፣ 31.7 እያለ ሲወጣና ሲወርድ ቆይቶ ሲረጋ፣ በሲሊንደሩ ትከሻ ላይ በተለጠፈው ፕላስተር ላይ በመቶኛውን፣ የጥልቀቱን ወሰንና ቀኑን ጽፎ ይፈርማል። ቀጥሎ ያንኑ ቁጥር በኮምፒውተሩ ይሞላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ፣ ላብ ዓይን ውስጥ እየገባ፣ ሌላው ሰው የእግር መቅዘፊያውን እያጠለቀ «ቶሎ በል» በሚልበት ሰዓት ነው። በመደብር ውስጥ ቀላል የሚመስል ሦስት እርከን ያለው ምርጫ እዚያ ሲደርስ ይጠፋል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት መመሪያውን ሳታነቡ በመቶኛውን ለመቀየር ሞክሩ፤ ካስቸገራችሁ ሌላ ፈልጉ።

ቁጥሩን መሳት በሁለት አቅጣጫ ይጎዳል፤ ጉዳቱ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ሲሊንደሩ 32 በመቶ ሆኖ ኮምፒውተሩ በተራ አየር ምርጫ ላይ ቢቀር፣ የናይትሮጅኑ ስሌት በጥንቃቄ በኩል ስለሚያጋድል ጠላቂው ደቂቃ ያጣል እንጂ በዚያ በኩል አይጎዳም፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ የኦክስጅኑን ወሰን ስለማያውቀው 36 ሜትር ላይ እንኳ ዝም ይላል። ሲሊንደሩ ተራ አየር ሆኖ ኮምፒውተሩ 36 በመቶ ላይ ቢቀር ደግሞ፣ የሌለ ደቂቃ እየቆጠረ ሰውየውን በናይትሮጅን ይሞላዋል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ አምራቾች ከጥልቂያው በኋላ ቁጥሩ በራሱ እንዲመለስ ያደርጋሉ፤ ሌሎች ደግሞ ባለቤቱ እስኪቀይረው ባለበት ይተዉታል። የትኛውም ክፉ አይደለም፤ ክፉው የራስን መሣሪያ ጠባይ አለማወቅ ነው። እኔ በበኩሌ በመቶኛውን ዘወትር በዋናው ገጽ ላይ የሚያሳየውን እመርጣለሁ።

አሁን ጽሑፋችሁ ወዳለፈው ጉዳይ ልግባ። የጅቡቲ ባሕር ላይ ዜሮ ሜትር ላይ የነበረ ጠላቂ በናጋድ ጣቢያ ባቡር ቢሳፈር ወይም በደወሌ መንገድ በመኪና ቢመጣ፣ በዚያው ዕለት ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው ድሬዳዋ ይደርሳል። ሐረሬ ከሆነ ደግሞ ደንገጎን ወጥቶ 1,900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ያድራል። የአየር ግፊቱ ድሬዳዋ ላይ በባሕር ወለል ካለው 87 በመቶ ያህል፣ ሐረር ላይ 80 በመቶ ያህል ነው። ይህ ለሌላው መንገደኛ ምንም አይደለም፤ ናይትሮጅን ተሸክሞ ለመጣ ጠላቂ ግን በአውሮፕላን ከመሳፈር ብዙ አይለይም። ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የተባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት የሚሰጠው መመሪያ፣ ያለ ማረፊያ (ሲወጡ ናይትሮጅኑን ለማራገፍ መንገድ ላይ የግድ መቆም ሳያስፈልግ) ለተደረገ አንድ ጥልቂያ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለተደጋገመ ወይም ለበርካታ ቀናት ጥልቂያ ቢያንስ 18 ሰዓት፣ የግዴታ ማረፊያ ላለው ጥልቂያ ደግሞ ከዚያም በጣም የበለጠ መቆየት ነው። መመሪያው የተሰጠው ከ600 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ጋር ለሚመጣጠን የአውሮፕላን ክፍል ግፊት ሲሆን፣ ሁለቱም ከተሞቻችን በዚህ መካከል ይወድቃሉ። ኮምፒውተሩ ከጥልቂያ በኋላ ገና እንዳይበሩ ለማስጠንቀቅ የሚያሳየው የአውሮፕላን ሥዕል ነው፤ የባቡር ሥዕል የሚያሳይ አላየሁም። ስለዚህ ብዙ ሰው «እኔ እኮ አልበርም» ብሎ ያልፈዋል። ቅዳሜ ቀን በ6 ሰዓት የመጨረሻውን ጥልቂያ ያጠናቀቀ ሰው ተደጋጋሚ ጥልቂያ ካደረገ፣ ከእሑድ ንጋት 12 ሰዓት በፊት ሽቅብ መነሳት የለበትም።

ናይትሮጅኑ ለምን ይህን ያህል እንደሚዘገይ ከስሌቱ መረዳት ይቻላል። ብዙዎቹ የዛሬ ኮምፒውተሮች የሚሠሩት አልበርት ቡልማን የተባሉት የዙሪክ ሐኪም ባዘጋጁት ስሌት ወይም ከእርሱ በተወለዱ ሌሎች ስሌቶች ነው። በዚህ ስሌት ሰውነት በ16 ክፍል ተከፍሎ እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ፈጣኑ በጥቂት ደቂቃ ግማሹን ሲያራግፍ፣ የዘገምተኛው የግማሽ ጊዜ 635 ደቂቃ ነው፤ ይህም ማለት 10 ሰዓት ተኩል ያህል ጊዜ አርፎ እንኳ ከተሸከመው ትርፍ ግማሹ አብሮት አለ ማለት ነው። ቡልማን ከፍታን በስሌታቸው ውስጥ ያስገቡት የስዊዘርላንድ ተራራማ ሐይቆች ጉዳይ ስላሳሰባቸው ነበር፤ ደጋ ላይ የምንኖር ሰዎች የእርሳቸውን ሥራ ልናከብረው ይገባል። እንደ ሺርወተር ፔሬግሪን ያሉት ኮምፒውተሮች ይህን ስሌት ይዘው፣ የአካባቢውን የአየር ግፊት በራሳቸው ለክተው፣ ጥንቃቄው ምን ያህል ይሁን የሚለውን ለባለቤቱ ይተዉለታል። ገንዘቡ ላለው ሰው ልዩነቱ የሚከፈልበት እዚህ ላይ እንጂ በናይትሮክሱ አይደለም።

ከፍታው በእጅ የሚሞላባቸው ኮምፒውተሮች ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ለምሳሌ በሱንቶ ዙፕ ኖቮ ላይ ከ0 እስከ 300፣ ከ300 እስከ 1,500 እና ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር የሚሉ ሦስት ምርጫዎች አሉ። የድሬዳዋ ሰው ቤቱን አስቦ ሁለተኛውን ይመርጥ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ የሚሞላው የሚጠለቅበት ቦታ ከፍታ ነው፤ ለጅቡቲ የመጀመሪያው ነው ትክክሉ። በተቃራኒው ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ በባሕር ምርጫ የጠለቀ ሰው ኮምፒውተሩ ከሚገባው በላይ ይፈቅድለታል፤ ይህኛው ስህተት የከፋ ነው።

ስለ ሌላው በአጭሩ ልናገር። ባትሪው በባለቤቱ እጅ የሚቀየር ይሁን፤ ሊዮናርዶ 2430፣ ፑክ ፕሮ 2450 ቁጥር ባትሪ ሲወስዱ፣ ሰዓት ቤቶች ዘንድ በቀላሉ የሚገኘው ግን 2032 ስለሆነ ሁለት ትርፍ ባትሪ ከነጎማ ቀለበቱ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ማስላክ ያዋጣል። የተቦጨቀ ወይም አንድ ፀጉር የተኛበት ቀለበት ኮምፒውተሩን በጨው ውኃ ይሞላዋል። በሲሊንደር ላይ ተገጥሞ የቀረውን ጋዝ ለእጅ ኮምፒውተር የሚያስተላልፈው መሣሪያ ጥሩ ነው፤ ለጀማሪ ግን አስፈላጊ አይመስለኝም። ከስልክ ጋር መገናኘቱ ማስታወሻ ለመያዝ ይጠቅማል፣ ሌላ ምንም። ቁጥሩ ትልቅ መሆኑ ግን ዕድሜው ለገፋ ሰው ከሁሉም ይበልጣል። ኮምፒውተሩ የሰውነታችሁን ጥማትም አያውቅም፤ የውኃ እጥረት ለአረፋው ሕመም ያጋልጣል ተብሎ ስለሚታመን፣ ከሁለት ጥልቂያ በኋላ ውኃ ሳይጠጡ በዚያ ሐሩር በርጫ ላይ መቀመጥን እንደ ብልህነት አልቆጥረውም፤ ወዳጆቼ እንደማይሰሙኝ ባውቅም።

በመጨረሻም ጽሑፋችሁ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክ ለማየት ኮምፒውተር ግዙ ያለው አላስፈላጊ ወጪ ነው። እነዚህ ዓሦች ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ አርታ አካባቢ የሚመገቡት ከውኃው ገጽ አጠገብ ስለሆነ፣ በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ብቻ ይታያሉ። ኮምፒውተሩ የሚፈለገው በሙሻና በማስካሊ ደሴቶች ወይም በሰባቱ ወንድማማቾች ደሴቶች ዙሪያ ለመጥለቅ ላሰበ ሰው ነው፤ እርሱም ቢሆን ናይትሮክስ ይሞሉ እንደሆነ የሚጠልቅበትን ድርጅት አስቀድሞ ይጠይቅ፣ የናይትሮክስ ሥልጠናም ይውሰድ። ዝግጅት ክፍሉ ስለ ጥልቀቱ የወጣውን ስህተት በሚቀጥለው እትም እንዲያርምና የ18 ሰዓቱን ቆይታ ከባቡሩ የጉዞ መረጃ ጎን እንዲያወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ
ድሬዳዋ፣ ከዚራ