ፈቃድ ወጥቻለሁ

ውድ እህቴ፣

እንዴት ከረምሽ? ልጆቹስ? ከፋሲካ ወዲህ ስትደውይ አንድም ቀን አላነሳሁልሽም። ተቀይሜሽ አይደለም። ድምፅሽን ብሰማ ማልቀሴ አይቀርም ነበር።

እማዬ ግንቦት ላይ ደረጃ ስትወርድ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ኦፕራሲዮን ሆነች። እሷ ሐረር አልጋ ላይ፣ እኔ ድሬዳዋ ሥራ ላይ። ማታ ከቢሮ እንደወጣሁ በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት እወጣለሁ፤ ሲነጋ ያንኑ ጠመዝማዛ እወርዳለሁ። ለአንድ ጉዞ ብቻ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንድ ቀን ፔሮል ላይ የአንዱን ሠራተኛ ደመወዝ ሁለቴ አስገባሁ። ሳይፈረም ተያዘ እንጂ ጉድ ሆኜ ነበር።

የዓመት ፈቃዴ 20 ቀን ነበር። ለመጀመሪያው ዓመት 16፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን እየተጨመረ፣ የዘጠኝ ዓመት አገልግሎቴ ያ ነው። አለቀ። ከዚያ በኋላ በሕጉ ያለኝ ያለ ደመወዝ አምስት ቀን፣ እሱም በዓመት ሁለቴ ብቻ። የተሰበረ ዳሌ በአምስት ቀን ይድናል? አለቃዬን ባስቸግረው «እናት የሌለው አለ እንዴ?» አለኝ። እስከ ዛሬ ያመኛል።

መልቀቂያ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ስዞር አንዲት ባልደረባዬ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ን አንቀጽ 18 አሳየችኝ። ሠራተኛ ጠይቆ አሠሪው ያለ ደመወዝ ፈቃድ ከሰጠው፣ ውሉ ለጊዜው ይታገዳል እንጂ አይቋረጥም። አሠሪው ግን ካልፈለገ አይሰጥም። ስለዚህ ማመልከቻ ይዤ ደጅ ጠናሁ። ሦስት ወር ፈቀዱልኝ፣ በደብዳቤ፣ ማህተም ተመቶበት።

ከነሐሴ ጀምሮ እዚሁ ሐረር እማዬ ጋ ነኝ። ገንዘቡ ከብዶኛል፤ ዕቁቡን ለወንድሜ አስተላለፍኩ። ግን እህቴ፣ እንቅልፍ እተኛለሁ! ጠዋት ሐረሪዋ ጎረቤታችን ሆጃ የሚባለውን ትኩስ መጠጥ በፔርሙስ ይዛ ትመጣለች። ሦስታችንም በረንዳ ላይ እንጠጣለን። ከዚያ እማዬ በዎከሯ እስከ በሩ ትሄዳለች፤ ትናንት በሩን አልፋ ወጣች። የመድኃኔዓለም ደወል ሲደወል ቆማ አማተበች። እኔ ከኋላዋ ወንበር ይዤ ቆሜ ነበር፤ አልተቀመጠችም።

ኅዳር ላይ ሥራ እገባለሁ። ከዚያ በፊት ብትመጪ ደስ ይለኛል፤ እማዬ ስለ አንቺ ሳትጠይቅ አትውልም።

ነገ ማታ እደውላለሁ። ባታነሺልኝም በማግስቱ እንደገና እደውላለሁ።

እህትሽ