ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት፦ ለከተማችን ፖሊስ የተጻፈ የቅሬታ ደብዳቤ

ለከተማችን ፖሊስ ጽሕፈት ቤት
የሕዝብ ቅሬታ ሰሚ ክፍል
ወሎ

ጉዳዩ፦ የእናቴን የምስክርነት ቃል ቤት ድረስ መጥታችሁ እንደምትቀበሉ ቃል ገብታችሁ ባለመምጣታችሁና በጣቢያው ስለደረሰባት ክብረ ነክ ንግግር ቅሬታ ስለማቅረብ

ከላይ በርእሱ ለማመልከት እንደሞከርኩት፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በጉሊቱ መግቢያ ላይ በተወረወረው ቦምብ እግሯን የቆሰለችው እናቴ ያየችውን ለመናገር ፈቅዳ ሳለ የሚሰማት የሕግ ሰው እስከ ዛሬ በማጣቷ ነው። ስለ አደጋው ቀንና ሰዓት፣ ስለ ቆሰሉትም ሰዎች መዝገባችሁ የያዘው ስላለ አልደግመውም። አራት ጊዜ በቃል አቤት ብዬ አራት ጊዜም «ይታያል» ስለተባልኩ፣ አምስተኛውን በጽሑፍ ለማድረግ ተገድጃለሁ። የእናቴን ስም ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ታች እገልጻለሁ፤ እናንተ ግን ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ።

አደጋው በደረሰ በ6ኛው ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ መርማሪ ሳጅን እናቴ ወደተኛችበት የሆስፒታል ክፍል መጥተው ነበር። በአክብሮት መምጣታቸውን አልክድም። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። እናቴም ቦምቡን የወረወረውን ሰው ፊት ለፊት እንዳየችው፣ ከመወርወሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ከእሷ መደብ ሎሚ እንደገዛ፣ የ50 ብር ኖት ሰጥቷት መልሱን ሳይቀበል እንደሄደ፣ ብሩንም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በመቀነቷ ቋጥራ እንደያዘችው አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ሳጅኑ ወረቀት ስላልያዙ ቃሏን በዚያው ሊጽፉት አልቻሉም። ሲነሡ ግን እጇን ይዘው እንዲህ አሏት፦ «አብሽሩ እናቴ፤ አንቱ ብቻ ይዳኑልን። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቤትዎ ድረስ መጥተን ቃልዎን እንቀበላለን፤ ብሯንም በኤግዚቢትነት እንረከባለን። እስከዚያ ለማንም እንዳይሰጧት።»

በወሎ «አብሽር» ተብሎ የሚረሳ ቃል አይደለም። ለታመመ እንለዋለን፣ ለተቸገረ እንለዋለን፤ ያለው ሰው ከሌላው ሸክም ላይ ጥቂቱን እንደተቀበለ ይቆጠራል። እናቴም ቃሉን እንደዚያ አድርጋ ተቀበለችው። ዓርብ ከሆስፒታል ስትወጣ የሐኪሙን ትእዛዝ አልነበረም የምታወራው፤ የቅዳሜውን ቀጠሮ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ ተጠርጎ ቄጠማ ተጎዘጎዘ፤ ጎረቤታችን ረከቦቷን ይዛ መጣች። ሕግ ፊት የሚሰጥ ቃል ተጋድሞ አይሰጥም ብላ እናቴ ከአልጋዋ ወርዳ መደቡ ላይ ተቀመጠች፤ የቆሰለ እግሯንም ትራስ ላይ አሳረፍንላት። 3 ሰዓት ሆነ። አቦሉ ቀርቦ ቀዘቀዘ፤ ቶናው ተደገመ፤ በረካውም ወጣ። እናቴ «መንገድ ይዟቸው ይሆናል» ትላለች፤ ከጣቢያው እስከ ቤታችን ያለው መንገድ ግን በእግር 15 ደቂቃ አይሞላም። የዙህር አዛን ሲወጣ ጎረቤታችን ሌላ ቡና ቆላች። ሳጅኑ በሰጡኝ ቁጥር ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ ጠራ እንጂ አልተነሣም፤ በሦስተኛው ስልኩ ተዘጋ። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ፋሻው በደም መራሱን አይቼ እንድትተኛ ብለምናት «ሰዎቹ ሲመጡ ተኝቼ ያገኙኝ?» አለችኝ። የተኛችው ሲመሽ ነው። እሑድም የመጣ የለም፤ ሰኞም የደወለ የለም።

ማክሰኞ እኛው እንሂድ አለችና ሁለት ጎረቤቶች አቅፈው ባጃጅ ላይ ጫኗት። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት በጣቢያችሁ አግዳሚ ወንበር ላይ እግሯን በእኔ ጭን አሳርፋ ተቀመጠች። በዚህ መካከል ሐሙስ «አብሽሩ» ያሏት ሳጅን ሁለት ጊዜ በፊታችን አልፈዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ዞር ብለው አላዩዋትም። በመጨረሻ ተረኛው መኮንን ከመስኮቱ ጀርባ ሆነው ጠሯት፤ በአዳራሹ ውስጥ ባለ ጉዳይ ሁሉ እየሰማ። እናቴ በዝግታ መናገር ስትጀምር አቋረጧትና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦ «አንቺ ሴትዮ፣ ቦምብ ወርዋሪውን የምናውቅ እኛ ነን ወይስ የቃሪያ ቸርቻሪዋ? አየሁት የምትዪውን ሰው እኛው እንደርስበታለን። ሂጂና ተኚ፤ በ50 ብርሽም ሽንኩርት ግዢበት» አሏት። ከኋላቸው የቆሙት ሁለት ባልደረቦቻቸው ሳቁ።

እናቴ መልስ አልሰጠችም። ፈትታ የነበረውን መቀነቷን መልሳ ቋጠረችና በባጃጁ ውስጥ ዝም ብላ ቆየች። ቤት ልንደርስ ስንል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ልጄ፣ አንቺ አለኝ አይደል?» በእኛ አገር ነጭ ፀጉር ያላትን ሴት፣ ያውም የቆሰለችን፣ ልጅ የሚሆናት ሰው በሕዝብ ፊት አንቺ ብሎ አያዋርዳትም። ሐሙስ «አንቱ» የነበረች ሴት ማክሰኞ «አንቺ» የሆነችበት ምክንያት ምን እንደሆነ እንዲነገረኝ እጠይቃለሁ፤ በመካከሉ የተለወጠው ቃላችሁ እንጂ እሷ አልነበረችምና።

ይህንን ሁሉ ግን ችለን በዝምታ ለማለፍ አስበን ነበር። ዝም እንዳልል ያደረገኝ ባለፈው ሳምንት በቀበሌው አዳራሽ በተጠራው ስብሰባ ላይ ተወካያችሁ ተነሥተው «ምርመራው ያልገፋው ምስክር በመታጣቱ ነው፤ ኅብረተሰቡ ያየውን መናገር አይፈልግም» ማለታቸው ነው። ምስክሯ በጣቢያችሁ ሦስት ሰዓት ተቀምጣ፣ ተሰድባ የተመለሰች መሆኗን በአዳራሹ ከነበረው ሰው እኩሌታው ያውቅ ነበር። ጎረቤቶቼ ዞረው አዩኝ። እኔም እጄን አንሥቼ ነበር፤ ዕድል አልተሰጠኝም።

ሕዝቡ ምን እንዳደረገ ካልታወቀ ልናገር። በዚያ ምሽት አምቡላንስ ከመምጣቱ በፊት ቁስለኞቹን በሙሉ ወደ ሆስፒታል ያደረሱት ባጃጆች ናቸው። ሴቶች ነጠላቸውን እየቀደዱ ቁስል አሰሩ፤ ከመግሪብ ሶላት የወጡትም፣ ለሠርክ ጸሎት ቤተ ክርስቲያን የነበሩትም ለደም ልገሳ በአንድ ሰልፍ ቆሙ። የሁለቱም እድር ለቁስለኞቹ ገንዘብ አዋጣ። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይ ኤስ በሊቢያ ወገኖቻችንን ሲገድል፣ ሰፈራችን በአንድ ድንኳን ተቀምጦ አልቅሷል፤ የወሎ ሰው ሐዘን ሲመጣ ማን እንደሞተ እንጂ ሟቹ የት እንደሚሰግድ አይጠይቅም። በዚያው ወር 14 ቀን ለሐዘኑ በተጠራው የመስቀል አደባባይ ሰልፍ ላይ አስለቃሽ ጭስ መተኮሱን በሰማን ጊዜ ያዘንነውን ሁለተኛ ሐዘን፣ ዘንድሮ በራሳችን ሰፈር አየነው። በማግስቱ ሸሚዛቸው በደም የተነከረ አራት የባጃጅ ሾፌሮችን ሰብስባችሁ ወስዳችኋልና። ደሙ የቁስለኞቹ ነበር፤ ከአራቱ አንዱ እናቴን በጀርባው አዝሎ የጫናት ልጅ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓታት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ ሲገባው፣ እነዚህ ልጆች 9 ቀን ቆይተው ያለ ክስና ያለ ይቅርታ ተለቀዋል። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ደም የሚፈሰውን ሰው ለመጫን የሚደፍር ሾፌር ማግኘት ከባድ ሆኗል። ፖሊስ ሕዝቡ አይተባበርም ሲል ይህንን ከቁጥር ሊያስገባው ይገባል።

እኔ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ፤ ለተማሪዎቼ ያየነውን ለፖሊስ መናገር ግዴታችን እንደሆነ ሳስተምር 17 ዓመቴ ነው። ስለዚህ የአንዲት ጉሊት ነጋዴ ቃል ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከሌላ አገር አንድ ጉዳይ ልጥቀስ። ግንቦት 14 ቀን 2009 ዓ.ም. በእንግሊዝ ማንቸስተር ከተማ አጥፍቶ ጠፊ ከሙዚቃ ዝግጅት መውጫ ላይ 22 ሰዎችን ገደለ። ከፍንዳታው ሩብ ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ ልጅ ሊወስድ የመጣ አንድ ተራ ሰው ትልቅ ቦርሳ የያዘውን ወጣት ተጠራጥሮ፣ ምን እንደያዘም ጠይቆት፣ ለጥበቃ ሠራተኛ ተናግሮ ነበር፤ ከቁም ነገር አልተቆጠረለትም። በቦታው መቆም ይገባው የነበረው ፖሊስም በዚያች ሰዓት አልነበረም፤ ሁለት ፖሊሶች ለእራት ወጥተው ከ2 ሰዓት በላይ ቆይተዋል። ይህን የምናውቀው ግን አገሩ በሰር ጆን ሳውንደርስ የሚመራ አጣሪ ሰይሞ፣ የጥበቃውን ስሕተት ሁሉ በይፋ ስላጻፈ ነው። ከራሳችንም ብንወስድ፣ ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ በተወረወረው ቦምብ 2 ሰዎች ሞተው ከ150 በላይ ሲቆስሉ፣ የአዲስ አበባ ፖሊስ ምክትል ኮሚሽነር ጭምር በጥበቃ ክፍተት ተጠርጥረው ተይዘዋል። በሁለቱም ቦታ ጥያቄው በመጀመሪያ የቀረበው ለጠባቂው ነው። በእኛ ቀበሌ አዳራሽ ግን የተወቀሰው ቁስለኛው ነው።

የእናቴን ስም ያልጻፍኩበት ምክንያት ይህ ነው፦ በድምፅ ማጉያ አደጋውን «ሽብር» ብላችሁታል። የሽብር ወንጀል ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 የሚታይ ከባድ ወንጀል ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ወንጀል ምስክር ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 699/2003 ማንነቷን እስከ መሰወር የሚደርስ ጥበቃ ሊደረግላት ይችላል። ተረኛው መኮንን ግን ወርዋሪውን እንዳየችው ሠላሳ ያህል ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ ጮክ ብለው ተናግረዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ በራችንን በግንድ እንደግፋለን፤ ታናሽ እኅቴም ወደ አክስቷ ቤት ሄዳለች። ይህ የአፍ ወለምታ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ከጻፍኩ አይቀር፣ በጉሊቱ መግቢያ ያሉት ሁለት የመንገድ መብራቶች ከጠፉ ወራት መቆጠራቸውንና ነጋዴዎቹ ፈርመው ያስገቡት ማመልከቻ መልስ እንዳላገኘ አስታውሳለሁ። ከአደጋው ሁለት ቀን በፊት የማይታወቁ ሰዎች በምሽት ሲያንዣብቡ አይተው ሽማግሌዎች ወደ ጣቢያው ሄደው ነበር፤ «ፓትሮል ይላካል» ተብለው ተመለሱ፤ ፓትሮሉን ያየው የለም። በአደጋው ምሽትም የጣቢያው ስልክ ለረጅም ጊዜ አልተነሣም።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ3 ቀን ውስጥ መርማሪ ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ፣ የእናቴን ቃል በሥርዓት እንዲቀበልና ብሩን በደረሰኝ እንዲረከብ እጠይቃለሁ። ተረኛው መኮንን በተናገሩበት አዳራሽ ሳይሆን በቤታችን፣ በሰፈሩ ሽማግሌዎች ፊት፣ «አንቱ» ብለው ይቅርታ እንዲጠይቋት፤ 9 ቀን ለታሰሩት ልጆችም ለምን እንደታሰሩ በጽሑፍ እንዲገለጽላቸው እጠይቃለሁ። በቀጣዩ የቀበሌ ስብሰባ «ምስክር ታጣ» የተባለው እንዲታረም፣ ለእናቴም በአዋጁ መሠረት ጥበቃ እንዲደረግላት አመለክታለሁ። በ3 ቀን ውስጥ ካልተፈጸመ፣ እናቴን ይዤ ወደ ክልሉ ፖሊስና ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም የምሄድ መሆኔን ከወዲሁ አሳውቃለሁ፤ እዚያም አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጥ ካለባት ትቀመጣለች።

50 ብሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አላያያዝኩም። ልላከው ብያት ነበር፤ ቅዳሜ እንመጣለን ያሉት ሰው ራሳቸው መጥተው ከእጇ ካልተቀበሏት በቀር ከመቀነቷ እንደማትፈታው ነግራኛለች።

ከሰላምታ ጋር
የምስክሯ ልጅ

ግልባጭ፦
ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት
ለሁለቱም እድሮች