ነባር መጻሕፍት በበይነ መረብ ለአንባቢ ይከፈቱ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፦

በደሴና በኮምቦልቻ ቤተ መጻሕፍት ያሉ ነባር የአማርኛ መጻሕፍት ሳይረፍድ በዲጂታል ተቀድተው በበይነ መረብ እንዲነበቡ ለማሳሰብ ነው ይህን መጻፌ። በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የደሴ ሙዚየምና ወሎ ዩኒቨርሲቲ የደረሰባቸውን ዘረፋና ውድመት እናስታውሳለን፤ ሌላ ቅጂ የሌለው መጽሐፍ እንዲህ ባለ ጊዜ ከጠፋ ጠፋ ነው። ሰላም ቢሆንም እንኳ የደሴ ክረምትና እርጥበት አይምርም፤ ወረቀቱ ይበልዛል፣ ጠርዙ በእጅ ሲነካ ይፈረፈራል፣ ሙጫው ደርቆ ገጹ ይላቀቃል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በስካነር መስተዋት ላይ ደፍቶ መጫን ጀርባውን መስበር ስለሆነ፣ ገርበብ ብሎ ተከፍቶና ከሥሩ ተደግፎ ከላይ በካሜራ ሊነሣ ይገባዋል።

ብራናዎቻችን በዚህ ረገድ ቀድመዋል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ የአድባራትና የገዳማት ብራናዎች ተነሥተው ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጧል፤ ዛሬ ብዙዎቹ በበይነ መረብ ይነበባሉ። ለታተሙት መጻሕፍት ግን ያን ያህል አልታሰበላቸውም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከፎቶው በኋላ ያለው ሥራ ነው። ተነሥቶ በአንድ ቢሮ ኮምፒውተር የተቆለፈ መጽሐፍ ለወረባቦ ወይም ለለጋምቦ ተማሪ ምኑም አይደለም፤ በስልኩ፣ በደካማ ኔትወርክም ቢሆን፣ ሊያወርደው በሚችለው መጠን ሊቀርብለት ይገባል። ምስልን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አማርኛን የሚያነቡ ቢሆንም፣ ኅትመቱ ሲደበዝዝ ተመሳሳይ ፊደላትን ያምታታሉና ሰው ተቀምጦ ማረም ግድ ነው። በተጨማሪም «ሠ»ና «ሰ»፣ «ፀ»ና «ጸ» በየመጽሐፉ ስለሚለያዩ፣ «ጸሐይ» ብሎ የፈለገ አንባቢ «ፀሐይ» ተብሎ የታተመውንም እንዲያገኝ ፍለጋው ሁለቱንም ያምጣ፤ የመጽሐፉ የራሱ አጻጻፍ ግን እንዳለ ይቀመጥ።

የደራስያን መብት መከበሩ አያጠያይቅም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ስለሚጠበቅ፣ ይህ ጊዜ ካለፈባቸው ሥራዎች መጀመር ይቻላል፤ ለሌሎቹ ወራሾች ይጠየቁ። ፈቃደኛ የሚሆኑ ብዙ ይመስለኛል።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴም በኮምቦልቻም ግቢ ስላለው፣ የኮምፒውተር ተማሪዎች በፍለጋው፣ የአማርኛ ተማሪዎች በእርማቱ ሊሳተፉ ይችላሉ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የሁለቱ ከተሞች ቤተ መጻሕፍት የነባር መጻሕፍታቸውን ዝርዝር ለሕዝብ ያውጡ፤ በየቤታችን ያሉንን ብርቅ ቅጂዎች ለማስነሣት የምናውሰውም ዝርዝሩን አይተን የጎደለውን ስናውቅ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ