ለፋሲካ ወተት እንዳታስገድጂው

ጀርመን፣ መጋቢት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጾሙ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽንስ አሁንም ያምሻል ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የላክሽልኝ በርበሬና ሽሮ ደርሶኛል፤ ከረጢቱን ስፈታው ክፍሌ ሰፈራችንን፣ ሽምብጥ ሽምብጥ ሸተተኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪ። ይህን ነገር በስልክ ጀምሬው መስመሩ እየተቆራረጠ ሁለቴ ተውኩት። ባለፈው እሑድ «ላሟ ወልዳለች፤ ለፋሲካ ያ ልጅ ወተት ጠጥቶ ሰውነቱ ይመለሳል፤ እምቢ ካለም አስገድጄ አጠጣዋለሁ» ያልሽኝ ከልቤ አልወጣ ብሎ ነው የምጽፍልሽ። እባክሽ እማዬ፣ ማሙሽን አታስገድጂው። ልጁ ሞልቃቃ አይደለም። ወተት ሆዱን የሚያሳምመው እውነቱን ነው።

እንደምታውቂው የምሠራው ወተት ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ከምናዘጋጀው አንዱ ላክቶስ የሌለው ወተት የሚባለው ነው። ላክቶስ ማለት ወተት ውስጥ ያለው ስኳር ነው፤ አንድ ብርጭቆ የላም ወተት 12 ግራም ያህል አለው፣ ወደ ሦስት የሻይ ማንኪያ በዪው። ይህ ስኳር ግሉኮስና ጋላክቶስ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ስኳሮች የተጣበቁበት ነው። አንጀታችን እንደተጣበቁ ወደ ደም ሊያሳልፋቸው አይችልም፤ መጀመሪያ መላቀቅ አለባቸው። የሚያላቅቃቸው ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው፤ ቦታውም የትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ነው። ፋብሪካው ያንኑ ኢንዛይም ወተቱ ላይ ጨምሮ አንድ ቀን ያህል በቅዝቃዜ ያቆየዋል። አንጀት ሊሠራው የነበረው ሥራ ሰው ሳይጠጣው ያልቃል።

አንድ ሌሊት አብራኝ የምትሠራ ሴት በሁለት ኩባያ ወተት አመጣች፤ በአንዱ ተራውን፣ በሌላው ላክቶሱ የተቆረጠውን። የሽንት ስኳር መመርመሪያ ወረቀት ነከርንባቸው። ተራው ውስጥ የገባው ወረቀት እንደነበረ ቀረ። የሌላኛው ቀለም ግን እያየነው ተለወጠ፤ ግሉኮሱ ተላቆ ወጥቷላ! ስቀምሰውም ስኳር የጨመሩበት መሰለኝ። ማንም አልጨመረበትም፤ ሁለቱ ስኳሮች ሲለያዩ ተጣብቀው ከነበሩት ይልቅ ይጣፍጣሉ። ጋሼ ስኳር አለበትና ይህን ንገሪው፦ «ላክቶስ የሌለው» ማለት ስኳር የሌለው ማለት አይደለም።

ያን ሌሊት ትዝ ያለኝ ብቅልሽ ነው። አንቺ ኢንዛይም የሚለውን ቃል ባትሰሚም ሥራውን ስታሠሪው ኖረሻል። ጠላ ስትጠምቂ ገብሱን ዘፍዝፈሽ፣ በቅጠል ሸፍነሽ የምታበቅዪው ለምንድን ነው? ገብሱ ሲያቆጠቁጥ ኢንዛይም ያወጣል፤ ኢንዛይሙ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይቆራርጠዋል፤ ያንን ስኳር እርሾው አግኝቶ አልኮል ያደርገዋል። በ1833 እ.ኤ.አ. ፓየንና ፔርሶ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን መጀመሪያ ለይተው ያወጡት ኢንዛይም ከብቅል የተገኘው ነበር። ይህን ሳነብ ጓዳችን ውስጥ የተሰጣው ብቅል ዓይኔ ላይ መጣ። ቂጣ አላምጠሽ አፍሽ ውስጥ ብታቆዪው እየጣፈጠ የሚሄደውም ምራቅ ውስጥ እንዲሁ ዓይነት ኢንዛይም ስላለ ነው። ግን እያንዳንዱ የሚቆርጠው የራሱን ብቻ ነው። ኤሚል ፊሸር የተባለ የዚሁ አገር ኬሚስት በ1894 እ.ኤ.አ. ነገሩን በቁልፍና በጓጉንቸር መስሎታል። የብቅሉ ቁልፍ የወተቱን ስኳር አይከፍትም።

ሕፃን ሲወለድ ላክቴዙ ሙሉ ነው፤ የእናት ጡት ወተትም ላክቶሱ ከላሟ ይበልጣል። ካደገ በኋላ ግን በአብዛኛው ሰው ላይ ይቀንሳል፤ ከዓለም አዋቂዎች ከግማሽ የሚበልጡት እንዲህ ናቸው። እንደ አፋር ባሉ ከከብት ጋር በኖሩ ሕዝቦች ዘንድ ሳይቀንስ የሚቆይባቸው ብዙ ናቸው። በዘር የሚወረስ ነው። አንቺና አባዬ በግሬራ ሙሉ ብትጠጡም ምንም አትሆኑም፤ ከእንዲህ ዓይነት ወላጆችም ግን የማይችል ልጅ ሊወለድ ይችላል። ስለዚህ «እኛ ሁላችን ስንጠጣ እሱ ምን ሆኖ?» አትበዪ። ያልተቆረጠው ላክቶስ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፤ ውኃ ይስባል፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች አፍልተው ጋዝ ያደርጉታል። ሆዱ የሚነፋው፣ የሚንጓጓው፣ የሚቆርጠውና የሚያስቀምጠው በዚህ ነው። እኛ ዓይን በላው ብለን ጤናዳም ስናሸተው ኖርን።

ታዲያ ምን ልስጠው ትዪ ይሆናል። እርጎ ስጪው። ወተቱ ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ ከላክቶሱ ከፊሉን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ መኮምጠጡ ከዚያ ነው። የቀረውንም ሆዱ ውስጥ ከገቡ በኋላ በራሳቸው ኢንዛይም ያግዙታል። ቅቤ ከላክቶስ ነፃ ነው ማለት ይቻላል። አይብም ይስማማዋል፤ ላክቶሱ በብዛት ከአጓቱ ጋር ይወርዳልና። ሆዱን ያጥብለታል ብለሽ የምትሰጪውን አጓት ግን ተዪው። ወተቱን ማፍላት ለሌላ በሽታ ግድ ነው፤ ላክቶሱን ግን አያጠፋውም። «ይለምደዋል» ማለትም አያዋጣም፤ ወተት ስለተጠጣ ላክቴዝ አይመለስም። የትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች ናቸው ትንሽ በትንሽ የሚለምዱት፤ እነሱም ከ55 ቀን ጾም በኋላ ልምዳቸውን ሊረሱ ይችላሉ። ራሱ አምሮት ከጠየቀ ከምግብ ጋር ግማሽ ብርጭቆ ይሞክር፤ ብዙ ሰው ይህን ያህሉን ይችለዋል።

አንድ ነገር አደራ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ከባሰበት ሰገራውን አስመርምሪው። ጃርዲያ የሚባለው የአንጀት ተውሳክ የአንጀቱን ግድግዳ ጎድቶ ላክቴዙን ለጊዜው ሊያሳጣው ይችላል፤ ያ ታክሞ ይድናል። ወተት ሲጠጣ ከንፈሩ የሚያብጥ፣ ሰውነቱ ሽፍ የሚል ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ ግን ይህ ሌላ ነው፤ አለርጂ ይባላል፣ ያኔ እርጎውም አይቅመስ፤ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ኪሎው ከቀነሰ ወይም ደም ካየሽም እንዲሁ።

ለአባዬ፣ ለጋሼ፣ ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ከዚህ በታች ያለውን ለማሙሽ ጮክ ብለሽ አንብቢለት።

ማሙሽዬ፣ ስድስት ዓመትህ ነበር። ላሟ ታልባ፣ ወተቱ ገና ወይራ ወይራ እየሸተተ ኩባያ ሞልቼ ያዝኩልህ። «ሆዴን ያመኛል» አልከኝ። አፍንጫህን ይዤ አፍህ ሲከፈት አንቆረቆርኩብህ። ከዚያ ሮጠህ ወደ ሐይቁ ወረድክ፤ ስፈልግህ ከደንገሉ ጀርባ ጉልበትህን አቅፈህ ተኮራምተህ አገኘሁህ። አላለቀስክም። እኔም ሰነፍ ብዬ ጎትቼ አመጣሁህ። እውነትህን ነበር። ይቅር በለኝ።

እህትህ