የሳይንስ ክበብ የ2018 ዓ.ም. ዘገባ፦ ከቡላና ከጦስኝ የተሠራ የምግብ መጠቅለያ

ክበባችን የዓመቱን ርዕስ ለመምረጥ ብዙ አልተቸገረም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ማጽደቁን ተማሪዎቹ ሰምተዋል። በጥቅምቱ የመጀመሪያ ስብሰባችን አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ፌስታል ከቀረ ዳቦው በምን ይጠቀለላል?» ብላ ጠየቀች። ወረቀት፣ ጨርቅ፣ ቅጠል ተባለ። ሌላው ተነሥቶ ከስታርች ስስ መጠቅለያ እንደሚሠራ፣ የተክል ዘይት ሲጨመርበትም ሻጋታንና ባክቴሪያን እንደሚከላከል ማንበቡን ተናገረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የክበቡ ሥራ ይኸው ሆነ።

ስለዚህ ሥራ የተጻፉ ጽሑፎች አብዝተው የሚያነሡት የበቆሎ፣ የድንችና የካሳቫ ስታርች ነው። ቡላን ያሰበው እናቱ መርካቶ ቆጮና ቡላ የሚሸጡ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ቡላ ተፍቆ ከተጨመቀው እንሰት የሚወጣው ፈሳሽ ሲዘቅጥ የሚገኝ ነጭ ስታርች ስለሆነ ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ በአገራችን ምርት መጀመራችንም አስደስቶኛል።

አሠራሩ ቀላል ነው። 5 ግራም ቡላ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበጠበጥና ጥቂት ግሊሰሪን ተጨምሮበት እየተማሰለ ይሞቃል። ሙቀቱ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ የስታርቹ ቅንጣቶች ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ፤ ነጭ የነበረው ፈሳሽ እየጠራ እንደ ሙቅ ይወፍራል። ዝርግ ትሪ ላይ በስሱ ፈስሶ ሲደርቅ ይላጣል። ግሊሰሪን ያልገባበት ግን ሲላጥ ይሰባበራል። ግሊሰሪኑ በረጃጅሞቹ የስታርች ሰንሰለቶች መካከል እየገባ ስለሚያላላቸው ነው መጠቅለያው የሚተጣጠፈው። ይህን የኬሚስትሪ ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ከማስተምርበት ጊዜ ይልቅ በእጃቸው ሲያጥፉት በተሻለ ገብቷቸዋል።

የትኛውን ተክል እንጨምር በሚለው ላይ ክርክሩ ጠነከረ። ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጦስኝ፣ ጤና አዳም ተጠቆሙ። ጤና አዳምን እኔ ከለከልኩ፤ ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቆስል ይችላልና። ተክል ስለሆነ ብቻ በማንኛውም መጠን ጉዳት የለውም ማለት እንዳልሆነ ገና ከጅምሩ ማወቅ ነበረባቸው። በመጨረሻ የተመረጠው ጦስኝ ነው። የደጋችን ጦስኝ ዘይት ካርቫክሮልና ታይሞል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። እነዚህ የረቂቅ ተህዋስያንን የሕዋስ ሽፋን እየሰረሰሩ ውስጡ ያለው እንዲፈስ ያደርጋሉ። የደረቀውን ጦስኝ በእንፋሎት እያጣራን ዘይቱን አወጣን፤ የሚገኘው በጠብታ የሚቆጠር ነው። ዘይቱ በእንፋሎት ስለሚያመልጥ የሚጨመረው ቡላው በረድ ካለ በኋላ መሆን አለበት።

ሙከራው እንዲህ ነበር። ከአንድ ዳቦ የተቆረጡ ቁራሾች በፌስታል፣ በባዶ የቡላ መጠቅለያና ጦስኝ በገባበት ተጠቅልለው፣ አንዱም ሳይጠቀለል፣ በየብልቃጡ ተቀመጡ። ሻጋታ የያዘ ብልቃጥ እንዳይከፈት ደንብ አወጣን። ተማሪዎቹ ቀድሞ ይሻግታል ብለው የገመቱት ያልተጠቀለለውን ነበር። ቀድሞ የሻገተው ግን በባዶው ቡላ የተጠቀለለው ሆነ! ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ ተወያዩ። ያልተጠቀለለው ዳቦ ደርቋል፣ ሻጋታ ደግሞ ርጥበት ይፈልጋል። ቡላው ግን ርጥበቱን ይይዛል፤ ይባስ ብሎ ራሱም ስታርች ስለሆነ ለሻጋታ ምግብ ነው። ጦስኝ የገባበት ከሁሉም መጠቅለያዎች ዘግይቶ ነው የሻገተው።

በዚህ ደስ ብሏቸው ወደ እንጀራ ተሻገሩ፤ እዚያ ግን ሥራው ከበደ። እንጀራ በእርሾ ስለሚቦካ ኮምጣጣ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ባክቴሪያዎች አይመቻቸውም፤ ሻጋታ ግን ኮምጣጣነትን ይችላል። እንጀራ በቤት ሙቀት ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በላይ የማይቆየውም ስለዚህ ነው። መጠቅለያችን የእንጀራውን ርጥበት ጠጥቶ ለሰለሰና ተጣበቀበት። ጦስኙ ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ የተሸከመው መጠቅለያ ውሃ ካልቻለ ዋጋ የለውም። በእኔ አስተያየት የዚህ ዓመት ትልቁ ግኝት ይህ ነው፤ ስለ ተክል መጠቅለያ የሚነገረው ብዙው ስለ ዘይቱ ብቻ ሆኖ ስለ ውሃው መዘንጋቱ ያሳስበኛል።

መፍትሔውን ያመለከተን በግቢያችን ያለው ኮባ ነው። ዝናብ ሲመታው ውሃው ከቅጠሉ ላይ ተንከባሎ እንደሚወርድ ያስተዋለች ተማሪ «ሰም አለው እኮ!» አለች። አንድ ወላጅ ከጠጅ ቤት ሰፈፍ አመጡልን፤ ተማሪዎቹ አቅልጠው አጣሩት። የንብ ሰም የሚቀልጠው በ62 እና 64 ዲግሪ መካከል ስለሆነ ትኩሱ ቡላ ውስጥ በኃይል እየተመታ ገባ። መጠቅለያው ውሃን ከቀድሞው በጣም የተሻለ ተቋቋመ፤ ነገር ግን ደበዘዘ፣ ሲታጠፍም መሰንጠቅ ጀመረ። ሰም ከንብ የሚገኝ ስለሆነ መጠቅለያው ሙሉ በሙሉ ከተክል ነው ማለት ይቀራል፤ ተማሪዎቹ ይህንን በፖስተራቸው ላይ በግልጽ ጽፈዋል።

በሚያዝያ ከግቢያችን በእግር ወደ አራት ኪሎ ሄደን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ ካምፓስ ቤተ ሙከራ ጎበኘን። የተክል ዘይት የነካ ክብ ወረቀት በባክቴሪያ ላይ ሲቀመጥ ዙሪያው ባዶ ሆኖ የሚቀረውን ቀለበት እዚያ አዩ። ከውጭ ተጨማሪ ሽፋን ያላቸው ባክቴሪያዎች፣ ኢ. ኮላይን የመሳሰሉት፣ ይበልጥ እንደሚቋቋሙና ቀለበታቸው እንደሚጠብ ተብራራላቸው። ስለ ዓውደ ርዕያችን አላረዝምም፤ ጎብኚዎች ዳቦው ጦስኝ ጦስኝ ይላል ማለታቸውን ግን መመዝገብ ይገባል። ሽታውን መቀነስ ከቀሩት ሥራዎች አንዱ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ሰሙን ከቡላው ጋር ሳይቀላቅሉ በውጭ በኩል ብቻ መቀባትን እንሞክራለን። ለዚህ ትንንሽ ክብደት የሚለይ ሚዛንና ቴርሞሜትር ያስፈልጉናል፤ መርዳት የሚችሉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች እንዲያነጋግሩን እንለምናለን። የሙከራ መዝገቡ ያልተሳኩትን ጨምሮ በቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጧል። አዲስ አባላት ከመመዝገባቸው በፊት የእንጀራውን ክፍል አንብበው ቢመጡ ሥራውን ካቆምንበት መቀጠል ይቻላል።