ለባልና ለሚስት ተከፍሎበት ባል ስለተከለከለው የቅድመ ወሊድ ስልጠና የቀረበ ቅሬታ

መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ
አዳማ

ጉዳዩ፦ ባለቤቴ ከምጥ ልምምዱ እንዲወጣ ስለመደረጉ፣ የጡት ማጥባት ትምህርቱም ለዱቄት ወተት ማስተዋወቂያ ስለመዋሉ

እኔና ባለቤቴ በክሊኒካችሁ ቅዳሜ ጠዋት በሚሰጠው የጥንዶች የቅድመ ወሊድ ስልጠና ተመዝግበን ስንማር የቆየን ነን። የመጀመሪያ ልጃችንን በግንቦት እንጠብቃለን። ለስልጠናው በቴሌብር 6,000 ብር ከፍለናል፤ ደረሰኙ ላይም «ጥንዶች» ተብሎ ተጽፏል። በዋጋ ዝርዝራችሁ መሠረት ብቻዋን የምትመዘገብ እናት የምትከፍለው 3,500 ብር ነው። 2,500 ብር የጨመርነው ባለቤቴ አጠገቤ ሆኖ እኔ የምማረውን እንዲማር ነበር። እርሱ ግን ለመምጣታችን ዋና ምክንያት የሆነውን ትምህርት ከበሩ ውጭ አሳልፎታል።

በራሪ ወረቀታችሁ «አባት በምጥ ሰዓት እናትን እንዴት እንደሚደግፍ በተግባር ይሠለጥናል» ይላል። ይህችን ዓረፍተ ነገር አንብበን ነው የተመዘገብነው። ባለቤቴ የሚሠራው ሞጆ ነው። የቅዳሜ ተራውን ለሥራ ባልደረባው እየሰጠ፣ በምትኩ እሑድ እየገባ፣ ማለዳ ከሞጆ ተነሥቶ ይመጣ ነበር። የምጥ ልምምድ በሚሰጥበት ቀን ግን ፍራሾቹ ተነጥፈው ገና ልንቀመጥ ስንል አሰልጣኟ «የዛሬው የሴቶች ጉዳይ ስለሆነ ወንዶች ውጭ ይጠብቁ» አሉ። ባሎቻችን ተያይተው ወጡ። ምክንያቱን ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ሴቶቹ ይሳቀቃሉ» የሚል ነው። ከመካከላችን ትሳቀቂያለሽ ወይ ተብላ የተጠየቀች አንዲት ሴት አልነበረችም። ሁላችንም ባሎቻችንን አስከትለን የመጣነው ወደን ነው። በእርግጥ የተሳቀቀች ብትኖር ኖሮ እንኳ አዳራሹን በመጋረጃ መክፈል ወይም ለእርሷ ሌላ ሰዓት መስጠት ይቻል ነበር።

የዚያን ቀን የተማርነው ብቻውን የሚሠራ ነገር አይደለም። ምጥ ሲጠና ወገብን በመዳፍ ጫን አድርጎ መያዝ፣ ሴቲቱን ደግፎ ማቆምና ማንቀሳቀስ፣ እስትንፋሷ ሲቆራረጥ አብሮ በረጅሙ መተንፈስ፣ የሁለተኛ ሰው እጅ የሚፈልግ ሥራ ነው። እኔ የገዛ ወገቤን ከኋላ መጫን አልችልም። አሰልጣኟ «ይህን ቤት ስትገቡ ለባሎቻችሁ አሳዩአቸው» ብለው አለፉት። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ብቻ ያየሁትን፣ ማንም ያላረመኝን ነገር እንዴት አድርጌ ነው ሌላ ሰው የማስተምረው?

በአገራችን ምጥ የያዛትን ሴት ብቻዋን መተው ነውር ነው። እናቶቻችን ሲወልዱ ጎረቤት ተሰብስቦ «ማርያም ማርያም» እያለ ሲማጸን ያድር ነበር፤ እጇን የሚይዝ፣ ጀርባዋን የሚያሽ ሰው አይጠፋም ነበር። የእኔ እናት ያለችው ደሴ ነው። አዳማ ከመጣን ገና ብዙ አልቆየንም፤ ምጡ ሌሊት ቢጀምረኝ አጠገቤ የሚገኘው ባለቤቴ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ አገልግሎት መመሪያ ማንኛዋም ሴት በምጥና በወሊድ ጊዜ ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል። ያልተቋረጠ ድጋፍ ያገኙ ሴቶች ምጣቸው እንደሚያጥርና በቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድላቸው እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል። ክሊኒካችሁ ይህን ያውቃል፤ ባያውቅ ኖሮ በበራሪ ወረቀቱ ላይ ባልጻፈው ነበር።

ይህ ሁሉ ያሳዘነኝ ስልጠናው እንዴት ሊሆን ይችል እንደነበር ስላየሁ ጭምር ነው። የመጀመሪያውን ትምህርት የሰጡን አዋላጅ ነርስ ሥራቸውን የሚወዱ ሴት ናቸው። ምጥ ሲቆጠር አንዱ ሕመም ከጀመረበት ቅጽበት እስከ ቀጣዩ መጀመሪያ እንደሆነ አስረድተው፣ ባሎቹን ሰዓት አስይዘው አለማመዷቸው። ደም መፍሰስ፣ የሚያስጨንቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ሲታይ ማንንም ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንደሚገባ ነግረውን፣ እያንዳንዱ ባል በቃሉ እንዲደግመው አደረጉ። ባለቤቴ ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ሁሉንም እየቆጠረልኝ ነበር። በቀጣዩ ሳምንት ግን እኒህ ሴት አልነበሩም። ለምን እንደተቀየሩ የነገረን የለም፤ ማስታወቂያችሁ ግን እስከ ዛሬ «በአዋላጅ ባለሙያ የሚሰጥ» ይላል።

ከዚያ በኋላ የመጡት አሰልጣኝ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ጽሑፍ በስክሪን ላይ እያሳዩ ያነቡልን ነበር። ስለ ምግብ ሲነገረን የሳልሞን ዓሣ ሥዕል አየን። ሁዳዴና ረመዳን በተገናኙበት በዚህ ወቅት አንዲት እህት ስለ ጾም፣ ሌላዋ ደግሞ የብረት ኪኒኗን ከቡና ጋር መውሰድ ትችል እንደሆነ ጠየቁ። ሁለቱም «ሐኪማችሁን ጠይቁ» ተባሉ። ቡናና ሻይ ብረቱ በሰውነት እንዳይመጠጥ ስለሚያደርጉ ኪኒኑን ከእነርሱ ጋር መውሰድ እንደማይገባ በሰፈሬ ጤና ጣቢያ በነጻ ነግረውኛል። ለዚህ ስልጠና ገንዘብ የከፈለች ሴት ይህን መልስ ማግኘት ነበረባት።

የጡት ማጥባት ትምህርቱን ሳስበው አሁንም እቆጣለሁ። ግማሹን ሰዓት የወሰደው የዱቄት ወተት ሻጭ ነው። በክሊኒኩ እንግዳነት ተዋውቆ ገባ፣ ስለ ወተቱ ተናገረ፣ ናሙና አደለን፣ ስልክ ቁጥራችንንም መዘገበ። አሁን ይደወልልኛል። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ሕፃኑን ጡት ማስያዝ እንደሚገባ፣ እንገሩ እንደማይጣል፣ እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ውሃም ቢሆን እንደማያስፈልገው በችኮላ ተነግሮን ታለፈ። ጡት አልይዝ ያለ ሕፃን እንዴት እንደሚያዝ ያሳየን ማንም የለም። እ.ኤ.አ. በ1981 የጸደቀው የእናት ጡት ወተት ተተኪዎች ግብይት ዓለም አቀፍ ደንብ የወተት ኩባንያ ሻጮች ነፍሰ ጡሮችን እንዳያነጋግሩ፣ ናሙናም እንዳይሰጡ ይላል። የጤና ተቋም በሩን ለእነዚህ ሰዎች መክፈቱ፣ ያውም ለመማር ከፍለን በተቀመጥንበት፣ ከዋጋውም በላይ የሚያሳስብ ጉዳይ ነው። በዚያን ዕለት ባሎች ውጡ አልተባሉም።

ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። የምጥ ልምምዱና የጡት ማጥባት ትምህርቱ ባሎች በተገኙበት፣ በአዋላጅ ባለሙያ፣ በአማርኛ ወይም ተሳታፊው በሚረዳው ቋንቋ እንደገና ይሰጠን፤ የሚቻል ከሆነ የመጀመሪያዋ አዋላጅ ቢያስተምሩን እመርጣለሁ። በሚያዝያ መጨረሻ 37ኛው ሳምንት ስለሚሞላኝ ይህ ከዚያ በፊት መሆን አለበት። አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት የሚሰጠው ፈቃድ ሦስት ተከታታይ ቀናት ብቻ ነው፤ ባለቤቴ ያን ጊዜ ሊለማመድ አይችልም። ትምህርቱን መድገም የማትችሉ ከሆነ ለእርሱ የከፈልነው 2,500 ብር ይመለስልን። ስልክ ቁጥሬ ለወተት ኩባንያው ያለ ፈቃዴ መተላለፉን በተመለከተም ቁጥሬ ከዝርዝራቸው እንዲወጣ እናንተው ጻፉላቸው።

አንድ ነገር ግን ከገንዘቡ ይልቅ አጥብቄ እጠይቃለሁ። አሰልጣኟ በመጨረሻ «ለነገሩ ማዋለጃ ክፍላችን ባል አያስገባም» ብለዋል። እንግዳ መቀበያ ላይ ስጠይቅ «እንደ ተረኛው ነው» ተባልሁ። እኔ ለመውለድ የመረጥሁት የእናንተን ክሊኒክ ነው። ባለቤቴ አብሮኝ መግባት ይችል እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ከነሁኔታው፣ በጽሑፍ አሳውቁኝ። አይገባም ከሆነ ሌላ ቦታ ለመፈለግ ጊዜ ያስፈልገኛል፤ ያ ጊዜ ደግሞ እያለቀ ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ምላሻችሁን እስከ መጋቢት 30 ቀን እጠብቃለሁ። እስከዚያ ካልደረሰኝ ይህንኑ ደብዳቤ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤትና ለጤና ጽሕፈት ቤት አስገባለሁ። የደረሰኙንና የበራሪ ወረቀቱን ቅጂ አያይዣለሁ፤ ስሜና ስልክ ቁጥሬ በምዝገባ ቅጹ ላይ ይገኛሉ።

ከአክብሮት ጋር
የቅዳሜ ጠዋት የጥንዶች ስልጠና ተሳታፊ