የ«ወ» ሆድ እንዳይወድቅ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁ እኔ ጋ ደሴ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ጎረቤቴ አንብቦ ሲጨርስ ያመጣልኛል። አንዳንዴ ሽንኩርት ተጠቅልሎበት ነው የሚመጣው። ስለዚህ የማነሳው ጉዳይ ያረጀ ከሆነ ይቅርታ።

አንድ አንባቢያችሁ ለሰፈራቸው ልጆች ሕትመት ለማስተማር አስበው፣ የዕቃው ዋጋ አስደንግጧቸው እንደተዉት ጽፈው ነበር። ማተሚያ ማሽን፣ ከውጭ የሚመጣ ቀለም፣ ልዩ ወረቀት ዘርዝረዋል። ዝርዝሩን ሳየው ሳቄም መጣ፣ አዘንኩም። እኔ ይኸው ሦስተኛ ዓመቴ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በቀበሌያችን አዳራሽ ልጆችንና እናቶችን በስቴንስል፣ ማለትም ፊደል ወይም ሥዕል ተቆርጦ በወጣበት ቀዳዳ ቀለም እየመቱ፣ ማተም አስተምራለሁ። ማሽን የለኝም። ያለኝ ያረጀ የራጅ ፊልም ነው፤ ስቴንስሉን የምናስቆርጠው ከሱ ነው። ወደሱ እመለሳለሁ።

በኔ ዕድሜ ያለ ሰው «ስቴንስል» ሲባል የሚመጣበት የትምህርት ቤት ፈተና ነው። እኔ ታይፒስት ነበርኩ። በ1973 ዓ.ም. ተቀጥሬ በ2012 ዓ.ም. ጡረታ ወጣሁ። ከነዚህ ዓመታት አብዛኛውን ያሳለፍኩት ሰም የተቀባ ወረቀት ላይ ፈተና ስመታ ነው። የማያውቁ ወጣቶች ካሉ ልንገራችሁ። ስቴንስሉ በታይፕ ማሽኑ ውስጥ ይገባል። የቀለሙ ሪባን እንዳይነካው ይደረጋል። የማሽኑ ፊደል ባዶውን ሰሙን ይመታውና ያነሳዋል። ከዚያ ማባዣው ላይ ይጠመጠማል፣ ቀለሙ በተመታው ቦታ ብቻ ሾልኮ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። እጀታውን ማዞር ነው እንግዲህ። ስህተት ከተመታ እንደ ጥፍር ቀለም የሚሸት ቀይ ፈሳሽ ይቀባበትና ሲደርቅ እንደገና ይመታል። ፈተናው ተባዝቶ ሲያልቅ ስቴንስሉ ርዕሰ መምህሩ ፊት ይቃጠላል፤ ብርሃን ላይ ከያዙት ጥያቄው ቁልጭ ብሎ ይነበባላ! እኔ ሥራ ስጀምር ደግሞ የማባዣ ክፍሉ ቁልፍ እንደ ጥይት ቤት ቁልፍ ነበር የሚጠበቀው። ማታ ማታ በራሪ ወረቀት እንዳይባዛበት ተፈርቶ።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ያናድደኝ ነበር። ዐይኑን «ዐ» ጠንከር አድርጌ ከመታሁት ክቡ ዙሪያውን ይቆረጥና መሃሉ ይወድቃል። ሲባዛ «ዐ» መሆኑ ይቀርና ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ተማሪው «ይሄ ምንድነው?» ብሎ እጁን ያወጣል። ጣቴን ማለዘብ የተማርኩት በዚያ ነው።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የማስታወቂያ ጸሐፊ ነበር። የሱቅ ታፔላ ይጽፋል፣ የጭነት መኪና በር ላይ የባለንብረቱን ስምና የጭነቱን ልክ ያትማል። ለተደጋጋሚ ሥራ ከቆርቆሮ የተቆረጠ ፊደል ነበረው። ጆንያ ላይ የሚታየው ጽሑፍ፣ ያ 60 ኪሎ የቡና ጆንያ ላይ ያለው እንኳ፣ በዚያው ዘዴ ነው የሚመታው። እሱ በቆርቆሮ፣ እኔ በሰም። የሁለታችንም እንጀራ ከቀዳዳ መሆኑን ያስተዋልነው ከተጋባን ከስንት ዓመት በኋላ ነው። አንድ ማታ ቆርቆሮውን አንስቼ «መ»ን ሳየው ሁለቱ ክቦች መሃል ላይ ቀጫጭን ማሰሪያ አላቸው። «ይሄ ምንድነው?» አልኩት። «ድልድይ ነዋ። ድልድይ ከሌለው ሆዱ ይወድቃል» አለኝ። የኔ «ዐ» ለምን እንደምትወድቅ የዚያን ዕለት ገባኝ።

ልጆቹን የማስተምረው ይህችኑ ነው። ሌላው ሁሉ ቅባትና እጥበት ነው።

ባለፈው ዓመት የመጣች አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ወተት ትሸጣለች። ልጅቷ በር ላይ የሚሰቀል «ወተት አለ» የሚል ጽሑፍ ማተም ፈለገች። አምስት ፊደል ነው። አስቸጋሪው አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም መጀመሪያ ላይ ቁጭ ብሏል። ነገር ግን አልነገርኳትም። በእርሳስ ነደፈችው፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ በከተር ቆረጠችው፣ ደስ ብሏት ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። የ«ወ» ሁለቱ ግማሾች ጠብ ጠብ ብለው መሬት ወደቁ። ቀዳዳው ድፎ ዳቦ መሰለ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ቁርጥራጮቹን ለቀመችና በምራቅ ልትለጥፋቸው ሞከረች። ሦስት ጊዜ! ከዚያ ዝም ብላ ብዙ ቆየች። ወንበሩ ላይ ያለውን የባለቤቴን ቆርቆሮ አየች፣ የሷን አየች። አዲስ ራጅ አልጠየቀችኝም፤ ወረቀት ነው የጠየቀችኝ። እሱ ላይ «ወ»ን ደጋግማ ነደፈች። እኔ ብሆን ድልድዩን ከላይና ከታች አደርገው ነበር። እሷ ግን በጎንና በጎን አደረገችው፣ ሁለት ጉንጭ ያለው ፊት መሰለ። ከኔ ያምራል። እናቷ በር ላይ እስካሁን አለ፤ ዝናብ አደብዝዞታል እንጂ።

እንግዲህ የተቆረጠ ስቴንስል አዘጋጅቼ ባድላት ኖሮ በአሥር ደቂቃ አትማ ትሄድ ነበር። ምን ተማረች ልል ነው? ስፖንጅ መያዝ?

ለዚህ ነው በ«ቡና» የማስጀምረው። «ቡ»ም «ና»ም ሆድ የላቸውም፤ ቆርጠህ ታነሳለህ፣ አለቀ። ልጁ «ቀላል ነው» ይላል። ይበል። ቀጥሎ ስሙን እንዲቆርጥ አደርጋለሁ፣ ያኔ መከራው ይጀምራል። «ቤ» እና «ሌ» እግራቸው ላይ ያለችው ቀለበት፣ «ቶ» አናቱ ላይ ያለችው፣ ሁሉም ይወድቃሉ። የፊደል ገበታውን ከመጀመሪያ ክፍል ጀምሮ ሲዘምሩት የኖሩ ልጆች ፊደሎቹ ክፍትና ዝግ መሆናቸውን የሚያዩት ያን ቀን ነው። አንዱ ስሙ ውስጥ «መ» እና «ወ» አብረው ነበሩበት። «እናቴ ምን ነካት?» አለ።

አሁን ራጁ። ካርቶን ቀለም ይጠጣና ሦስት አራት ጊዜ ታትሞ ይልፈሰፈሳል። ሻማ አቅልጠው ቢቀቡት ትንሽ ይሻላል። ያረጀ የራጅ ፊልም ግን አይሞትም። በረኪና የተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ ስትነክሩት ጥቁሩ እየተላቀቀ ይወጣል፣ በጨርቅ ጠርገው ሲያለቀልቁት ንጹሕ ፕላስቲክ ሆኖ ይቀራል። ይህን ሥራ እኔ ወይም እናቶቹ ነን የምንሠራው፣ መስኮት ከፍተን፣ ጓንት አድርገን፤ በረኪና ለልጅ አይሰጥም። ሥዕሉ ከሥር ይታያልና ከላይ አድርጎ መቁረጥ ነው። ታጥቦ እንደገና ያገለግላል። ከሥር የፕላስቲክ ምንጣፍ ቁራጭ እናነጥፋለን፣ የከተሩ ስለት እንዳይዶለዱም ጠረጴዛውም እንዳይቦጫጨቅ። ቀለሙ በውሃ የሚበጠበጥ የግድግዳ ቀለም ነው። ስፖንጁ ካረጀ ፍራሽ የተቆረጠ ነው። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያጠፋው አንድ ዓይነት ጥፋት ነው፤ ቀለም ያበዛል። ስፖንጁ ጠግቦ ከተጫነ ቀለሙ ከራጁ ሥር ይገባና ፊደሉ ጢም ያወጣል። መጀመሪያ ጋዜጣ ላይ መታ መታ አድርጎ ማድረቅ፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች መምታት፣ ፈጽሞ አለመፈግፈግ። (ይቅርታ፣ ጋዜጣችሁ ለዚህም ይጠቅመናል።) ሌላው ደግሞ ራጁን ገልብጦ ማተም ነው። ፊደሉ ፊቱን አዙሮ ይወጣል፣ ሁሉም ይስቃል።

እናቶቹ ፊደል ብዙም አያጓጓቸውም። እነሱ ወረቀት አራት ላይ አጥፈው መቁረጥ ነው የሚወዱት። ሲከፈት ጠርዙ ከመስቀል ጫፍ ጋር የሚመሳሰል ጌጥ ይሆናል፣ ድልድዩንም ወረቀቱ ራሱ ያስቀራል። ደሴ ነውና ከመስቀሉ አጠገብ ጨረቃና ኮከብም ይቆረጣል። አንዷ የነጠላ ጥበቧን ወረቀት ላይ ገልብጣ በራጅ ቆረጠችው፣ አቡጀዲ ከረጢት ላይ በጨርቅ ቀለም አተመችው፣ ሲደርቅ በካውያ ተኮሰችው። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ከረጢት የሚጠይቅ ሰው አለ። ሦስቱ ገበያ ይዘው መውጣት ጀምረዋል። ሀብታም ሆነዋል አልልም። የቀለማቸውን ግን ራሳቸው ይገዛሉ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ድርጅት ሥራችንን አይቶ ሊያግዘን መጣ። ደስ አለን። «ሥልጠናው» አንድ ቀን እንዲሆን ተባለ። ጠዋት ንግግር፣ ከዚያ ሻይ፣ ከዚያ ሌላ ንግግር። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ቀድሞ በተቆረጠ ስቴንስል የድርጅቱን ዓርማ ቲሸርት ላይ እንዲያትሙ። ትልቅ ባነር ተሠራ። ደረሰኙን ድንገት አይቼው፣ ለባነሩ የወጣው ለቀለምና ለከተር ከወጣው ይበልጣል። ልጆቹ ዓርማውን አተሙ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ሰርተፍኬት ወሰዱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አዲስ ከመጡት ልጆች አንድም አልተመለሰም። ለምን ይመለሳሉ? ሠልጥነዋል ተብለው ወረቀት ይዘዋል። ባነሩን ግን ለምኜ አስቀርቼዋለሁ። ጀርባው ለጠረጴዛ ልብስ አሪፍ ነው።

ጥፋት የኔም አለበት፣ አልደብቅም። አምና ልጆቹ ግድግዳ ላይ ማተም አማራቸው። እኔም አማረኝ መሰለኝ። በአዳራሹ ማዶ ያለ አንድ አጥር ሥር ቆሻሻ ይጣል ነበርና «እዚህ ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው» ብለን አተምን፣ ጎኑ ላይ አንድ ድመት ጨመርንበት። ባለቤቱን ግን አልጠየቅንም። በማግስቱ ሰውዬው ቀለሙን እየጠቆሙ መጡ። «በገዛ አጥሬ ላይ እናንተ ትከለክላላችሁ?» አሉ። ልክ ናቸው። ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ልጆቹንም አስከትዬ ልናጠፋው በሥዕል ብሩሽ ሄድን። ሰውዬው ቆመው አዩንና «ድመቷን ተዋት» አሉ። አሁን ጽሑፉ የለም፣ ድመቷ አለች። ቆሻሻውም አለ። ከዚያ ወዲህ የባለቤቱ ፈቃድ በወረቀት ካልተጻፈ ግድግዳ አንነካም። ሕግ ያወጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው።

አዲስ አበባ አርቲስት አለ ፈለገሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ። እዚያ የተማረ ሰው የኔን ሥራ ቢያይ ሊስቅ ይችላል፤ እንዲስቅም መጥቶ ያስተምረን። እኔ ሠዓሊ አይደለሁም። እንዲያውም የሰው ፊት መሳል አልችልም፤ ልጆቹ ያውቁታል፣ ያሾፉብኛል።

ጋዜጣችሁ እንዲያስተላልፍልኝ የምፈልገው ይህንን ነው። ለጻፉት አንባቢ፣ ዕቃ አይጠብቁ። አንድ ጠረጴዛ፣ የሚሠራ ቧንቧና በሳምንት ሦስት ሰዓት ይበቃል። ከተሩን ለልጆቹ ይስጡ። አጠገባቸው ይቀመጡ፣ ስለቱ ከጣት ወደ ውጭ ይሂድ፣ ከአምስት ልጅ በላይ በአንድ ጊዜ አያስቆርጡ። እስካሁን በኛ ዘንድ የተቆረጠ ጣት የኔ ብቻ ነው። ለቀበሌና ለወጣት ማዕከላት ኃላፊዎች ደግሞ፣ አዳራሻችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ተቆልፎ ነው የሚውለው። ቁልፉን ለሚታመን ሰው ስጡ። እኛ ጋ ያለው ዘበኛ ቁልፉን የሚያመጣልኝ በገዛ ፈቃዱ ነው፤ ታሞ የቀረ ቀን ሜዳ ላይ እንቀመጣለን። የጦሳ ተራራ ጉም ከወረደ ደግሞ ያተምነው እስከ ማታ አይደርቅም።

የመጨረሻው ልመናዬ ለሁላችሁም ነው። ክረምቱ እየመጣ ነው፣ ትምህርት ሲዘጋ የሚመጡት ልጆች ይበዛሉ፣ ራጃችን ደግሞ ሊያልቅ ነው። ሐኪም የማይፈልገው፣ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ የሚጠጣ አሮጌ ራጅ በየቤቱ አለ። የእግርም ይሁን የደረት፣ ለኛ እኩል ነው። ስማችሁ የተጻፈበትን ጥግ ቆርጣችሁ አስቀሩ። ቀሪውን በረኪናው ያጠፋዋል፣ ጎድናችሁን ማንም አያይባችሁም።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛዋ ታይፒስት
ከደሴ